ባሕር ዳር ወይስ የበረሃ ከፍታ? ለዕረፍት ከመነሣታችን በፊት
(ለወላጆችና ለአረጋውያን በማኅበረሰብ ማዕከል የተደረገ ንግግር)

  ውሃ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ንግግሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ እየተነሣችሁ ቅዱ። ሽንት ቤቱም በመውጫው በስተቀኝ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል።

በየዓመቱ የልጆች ትምህርት ሲዘጋና ዩሊ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ሦስት ቀን ዕረፍት አለን። ልጆቹ ባሕር ይላሉ፣ ባለቤቴ ሚጽፔ ራሞን ይላል፤ ለእናቴ የትኛው ይሻላታል?» ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ይህ የጤና ጥያቄ አይመስለኝም ነበር። «ደስ ያላችሁ ቦታ ሂዱ» ብዬ እመልስ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አልመልስም። ምክንያቱን ከራሴ ቤት ልጀምር።

በቤታችን የደረሰው

አማቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በ1984 ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ ናቸው። የደም ግፊት ስላለባቸው ጠዋት ጠዋት ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይወስዳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሚጽፔ ራሞን እንሂድ ስንላቸው፣ «በረሃ? በረሃን እኔ አውቀዋለሁ። ያኔ ነፍሴን ላድን ሄድኩበት፤ አሁን ገንዘብ ከፍዬ ልሂድበት?» አሉ። እኛ ሳቅን። መሳቅ አልነበረብንም። እሳቸው ግን ለልጅ ልጆቻቸው ብለው እሺ አሉ።

አየሩ ደስ የሚል ነበር። ላብ የለም፣ ነፋስ አለ። በሁለተኛው ቀን ማምሻውን አማቴ ከወንበር ሲነሡ ዞረባቸውና ወደቁ። ምላሳቸው ደርቋል፤ የት እንዳለን ስጠይቃቸው የሱዳንን ሰፈር ስም ጠሩ። 101 ደውለን አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጣቸው። ተመስገን፣ በሁለተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሱ።

ሐኪሙ «ዛሬ ምን ያህል ጠጥተዋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ቆጥሬ ሳየው ሁለት ስኒ ቡናና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ነበር። እኔ በዚያ ዓመት የነርስነት ትምህርት እማር ነበር። ስለ ሰውነት ፈሳሽ ማነስ ፈተና ወስጄ አልፌያለሁ። አማቴን ግን አንድ ጊዜም «ጠጡ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ኋላ ቤት ገብተን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ምክንያቱን ነገሩኝ። «ልጄ፣ በየመንገዱ መኪና አስቁሙልኝ እያልኩ ላስቸግራችሁ? ያረፍንበትም ሽንት ቤቱ ደረጃ አለው። ሌሊት እናንተን ከመቀስቀስ አለመጠጣት ይሻላል ብዬ ነው።»

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን ሽንት ቤት ላለመፈለግ ብለን ውሃ የምንተው? እጅ አውጡ አልልም። ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገራችን ሰው ዘንድ እንግዳ ሆኖ ማስቸገር ነውር ነው፤ አማት ለምራት፣ አባት ለልጅ ሚስት ይህን መናገር ያፍራል። ኩላሊት ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ «ባሕር ይሻላል ወይስ በረሃ?» ብቻ አይደለም። «ከእኛ ጋር የሚሄደው ደካማ ሰው ማን ነው? የትኛውስ ቦታ ለእርሱ ይመቸዋል?» የሚል ነው። ምሳሌ አድርጌ ሁለት ከተሞችን እወስዳለሁ፤ ከባሕሩ ነታንያን፣ ከበረሃው ከፍታ ሚጽፔ ራሞንን።

ደጋና ቆላ

አባቶቻችን አገርን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብለው ይከፍሉ ነበር። ደጋ ጤና ነው፤ ቆላ ወባና ንዳድ አለበት። ብዙ ሽማግሌዎች ዛሬም በዚህ ሚዛን ይመዝናሉ፤ ባሕር ዳር ዝቅ ያለ ስለሆነ እንደ ቆላ ያዩታል። ሚዛኑ ለአገራችን ትክክል ነበር። እዚህ ግን በነታንያ ባሕር ዳር ስለ ወባ አንሰጋም፤ የምንፈራው ሌላ ነው።

ሚጽፔ ራሞን ከባሕር ጠለል በላይ 850 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ «ከፍታው ለልብ ይከብደኛል» የሚል ሰው ካለ፣ ከጎንደር ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ይወቅ። በዚህ ከፍታ የሚያስፈራው የአየር ማነስ ሳይሆን ድርቀቱ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አስቡ። በሚጽፔ ራሞን በቀትር ልብስ ብታሰጡ ቶሎ ይደርቃል። በነታንያ በኦጉስት ብታሰጡ ግን ማታም እርጥብ ነው። ላባችንም እንዲሁ ነው። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላብ ሲደርቅ ነው። በባሕር ዳር አየሩ እርጥበት ስላለው ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከውስጥ አይወጣም። ቴርሞሜትሩ 31 ቢልም ሰውነት የሚሰማው ከዚያ በላይ ነው፤ ሌሊቱም አይበርድም። ያለ ማዝጋን የሚተኛ የልብ ሕመምተኛ ይደክማል።

በበረሃው ከፍታ ደግሞ ላቡ ሳይታይ ይደርቃል። ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል፤ ውሃው ግን እየሄደ ነው። «አላላበኝም፣ ስለዚህ አልጠማኝም» የምንለው በዚህ ተታልለን ነው። እኔም የተታለልኩት በዚሁ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የጥማት ስሜት ራሱ ይቀንሳል። አረጋዊ እስኪጠማው መጠበቅ የለበትም፤ በሰዓት ይጠጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። «እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» የሚሉ አሉ። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ቃጠሎ በከፊል ይከላከላል። ከሙቀት ግን አይከላከልም። ዓይንንም አይሸፍንም። ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ለሁሉም ነው።

ባሕሩን ለመረጡ

የነታንያ ጥቅሙ ብዙ ነው። ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ላኒያዶ ሆስፒታልም እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ከተማው ግን ከገደል በላይ ነው፤ ባሕሩ ከታች ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ደረጃው ቀላል አይደለም። ሲሮኒት በሚባለው ዳርቻ አሳንሰር ስላለ አረጋውያንን በዚያ አውርዱ። ከገደሉ ሥር ጥላ ፈልጋችሁ አትቀመጡ፤ አፈሩ ሊናድ ይችላል፤ የማስጠንቀቂያ ምልክትም የሚተከለው ለዚህ ነው።

ከባሕር አደጋ ሁሉ የሚከፋው መስጠም ነው። እኛ በደጋ ያደግን ሰዎች አብዛኞቻችን ዋና አናውቅም። ልጆቻችን ትንሽ ተምረው ይሆናል፤ በገንዳ የተማረ ልጅ ግን ማዕበል አያውቅም። ስለዚህ፦

1. ማጺል ባለበት፣ በተፈቀደ ዳርቻ ብቻ ግቡ። ማጺሉ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ እናንተም ከውሃ ውጡ።

2. ባንዲራውን እዩ። ነጭ ሲሆን ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ቀይ ሲሆን አደገኛ ነው፤ ጥቁር ሲሆን መግባት ክልክል ነው። ዋና ለማያውቅ ሰው ቀዩንም እንደ ጥቁሩ ቁጠሩት።

3. ትንሽ ልጅ ሁልጊዜ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። የሚሰጥም ልጅ እንደ ፊልም አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄድ። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ትልቅ ሰው በስም ይመደብ፤ ያ ሰው ስልክ አይንካ።

4. በአየር የተነፋ ፍራሽና ጎማ ነፋስ ወደ ውስጥ ይወስደዋል፤ እንደ መዳኛ አትቁጠሩት።

5. ውሃ ወደ ውስጥ ቢጎትታችሁ በፊት ለፊት አትታገሉት። ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሡ፣ የምትችሉ ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ።

በበጋ መዱዛ የሚባለው ተናዳፊ ፍጥረት በብዛት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ልጅ ቢነድፈው በባሕር ውሃ እጠቡት። በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ በአሸዋ አትሹት፣ ኮምጣጤም አታፍሱበት። መተንፈስ ቢያቅተው ወይም ፊቱ ቢያብጥ 101 ደውሉ።

ለመታጠብ የሚያፍሩ እናቶችም አሉ፤ ልብሳቸውን ሳያወልቁ በፀሐይ ተቀምጠው ይውላሉ። በነታንያና በአሽዶድ ለወንዶችና ለሴቶች የተለየ ዳርቻ አለ። ጠይቁ፤ ለእናንተም እግራችሁን በውሃ መንከር ይገባችኋል።

የበረሃውን ከፍታ ለመረጡ

የሚጽፔ ራሞን ጥቅሙ ሌሊቱ ነው። ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ ይወስዳል። በኦጉስትም ቢሆን ጋቢያችሁን ያዙ፣ አትከብድም። ከተማው ጫፍ ላይ ቆማችሁ መክተሹን ታያላችሁ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ታላቅ ጎድጓዳ ምድር ነው። በመንገዱ ላይ ዕብራውያን ያኤል የሚሉት የዱር ፍየል ይመላለሳል፤ የሰሜን ተራሮቹ ዋልያ የቅርብ ዘመዱ ነው። አማቴ የሰሜን ሰው ናቸውና እርሱን ሲያዩ ነበር መጀመሪያ የሣቁት። ልጆች ግን ምግብ አይስጡት፣ አይጠጉትም።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ሆስፒታል ከፈለጋችሁ ሶሮካ ነው፤ ቤርሸባ ድረስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። በቅርብ ወራት የልብ ድካም ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው ይህን ርቀት ከሐኪሙ ጋር ይመካከርበት።

ከረፋዱ እስከ ማምሻ ባለው ሙቀት ከቤት አትውጡ። አማቴን ኋላ ላይ «በሱዳን መንገድ እንዴት ሆናችሁ ሄዳችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ቀን ከጥላ ተደብቀን፣ ሌሊት ነበር የምንሄድ» አሉኝ። ያኔ እንዳይታዩ ነበር፤ ነገር ግን የሙቀቱም ሕግ ያው ነው። በማለዳና በማታ ተመላለሱ፣ ቀትሩን በጥላ ዋሉ። በከተማው ጫፍ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ በ2003 በኮሎምቢያ መንኮራኩር የሞተው የኢላን ራሞን መታሰቢያ አለ፤ ልጆቹን በቀትር ወደዚያ አስገቧቸው።

ጊንጥና እባብ አሉ። ማታ በባዶ እግር አትሂዱ፤ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉ። የተነደፈውን ሰው አረጋጉ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር አታንቀሳቅሱ፣ 101 ጥሩ። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር፣ እነዚህ ሁሉ ይጎዳሉ። ከበጋ ውጭ የምትሄዱ ደግሞ የአየር ትንበያ ስሙ፤ ዝናብ በሩቅ ቢዘንብም ጎርፉ ሳይታሰብ በደረቁ ወንዝ ይመጣል።

ሕመም ላለባቸው

ስኳር ያለበት ሰው፦ ወደዚህ አገር ስንመጣ ስኳር በመካከላችን ብዙም አይታወቅም ነበር። ዛሬ በየቤቱ አለ። በሙቀት ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ስለዚህ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል። መለኪያውንና አንድ ጣፋጭ ነገር ከኪስ አትለዩ። ኢንሱሊንን በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ በጺዳኒት ያዙት፣ ግን በረዶው ላይ በቀጥታ አይረፍ። በአሸዋ ላይ በባዶ እግር አትሂዱ፤ የእግር ስሜት የቀነሰበት ሰው አሸዋው ሲያቃጥለው አይሰማውም። ማታ ማታ ልጅ የአባቱን እግር አጥቦ ይመልከትለት። እግር ማጠብ የቆየ ልማዳችን ነው፤ እግረ መንገዱን ምርመራ ይሆናል።

የደም ግፊት ያለበት ሰው፦ ሽንት የሚያበዛ ክኒን የምትወስዱ፣ ከጉዞው በፊት ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ «በሙቀት ወራት መጠኑ ይለወጥ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ራሳችሁ አትተዉት፣ አትቀንሱትም።

አስም ያለበት ልጅ፦ በባሕር ዳር እርጥበት ሻጋታና የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ይበዛሉ። ደረቁ አየር ለብዙ ልጆች ይሻላል። ነገር ግን የአቧራ ነፋስ ሲነሣ በረሃውም ያስነሣበታል። መሻፉ የትም ቢሆን ከልጁ ጋር ይሁን።

የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ሐኪም ፈሳሽ የወሰነለት ሰው፦ «ብዙ ጠጡ» ያልኩትን እንዳለ አይውሰድ። ስንት ብርጭቆ እንደሚፈቀድለት ሐኪሙን ጠይቆ በወረቀት ጽፎ ይያዝ።

የትሽዓ በአብ ጾምም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሙቀት መካከል ይውላል። ሕመም ያለባችሁ ጾሙ ከመድረሱ በፊት ሐኪማችሁንም ቄሳችሁንም ጠይቁ። ነፍስን ማዳን ይቀድማል።

ሲነሡ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ከመካከላችን ደካማው ማን ነው? ለእርሱ ምረጡ። ዋና የማያውቁ ሦስት ትንንሽ ልጆች ይዞ አንድ እናት ብቻዋን የምትሄድ ከሆነ፣ በባሕሩ ሁሉንም መጠበቅ አትችልም፤ ከፍታው ይሻላታል። ሆስፒታል የማይርቅ አረጋዊ ካለ ደግሞ ነታንያ ይሻላል፤ ማዝጋን ያለው ክፍል ይያዝለት፣ ወደ ባሕሩ ማለዳ ይውረድ።

ሁለተኛ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው? ክፍል ስትይዙ ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁ። ደረጃ አለው ወይ? ሌሊት መብራት አለ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። በዚሁ አጋጣሚ ማማዱ ወይም ሚክላቱ የት እንደሆነም እወቁ። በመንገድ ደግሞ በየሰዓቱ ተኩሉ መኪና ይቁም፤ ማንም ሳይጠይቅ። ሹፌሩ «እኔ መውረድ እፈልጋለሁ» ካለ አረጋዊው አያፍርም።

ሦስተኛ፣ ውሃውን ማን ይቆጥራል? ሐኪም ላልከለከለው አዋቂ በሙቀት ቀን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ብርጭቆ ያስፈልገዋል፤ በበረሃ የሚራመድ ሰው ከዚያ በላይ። ቡናው በረካ ድረስ ይጠጣ፣ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ስኒ ጋር አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቅረብ። ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ የልጅ ልጅ መድቡ፤ ጠርሙሱን እየያዘ ያቅርብ። ከምራት እጅ እንቢ ያለ ሰው ከልጅ ልጅ እጅ አይልም። ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ውሃው አንሷል ማለት ነው።

ሰውነቱ የጋለ፣ ንግግሩ የተምታታ፣ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካያችሁ ማካት ሆም ሊሆን ይችላል። 101 ደውሉ፤ ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አላሉ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። አምቡላንስ ሲመጣ በዕብራይስጥ የሚያስረዳ ልጅ ባይኖር የመድኃኒቱን ዝርዝር ስጡ፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ሁልጊዜ በቦርሳ ይኑር። ሕፃንንም ሆነ ሽማግሌን በቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አትተዉ።

መጨረሻው

በሚቀጥለው ዓመት እኛ ነታንያ ሄድን። አማቴ በአሳንሰሩ ወረዱ፣ እግራቸውን ነከሩ፣ «ጨው ነው» ብለው ተመለሱ። በዓመቱ ደግሞ ራሳቸው «ወደዚያ በረሃ መልሱኝ፤ ታምሜ ነው የወጣሁበት፣ በጤና ልየው» አሉ።

ዳግመኛ አልሳቅንም። ምድር ላይ ያለ ክፍል ያዝን። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ከመክተሹ ጫፍ ቆሙ። የመንገድ ወዳጆቻቸውን፣ ሱዳን የቀሩትን፣ አንድ በአንድ በስም ጠሩ። ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድና በሰፈሮቹ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንደቀሩ ይነገራል፤ እሳቸው የጠሩት የሚያውቋቸውን ነው። ልጄ አጠገባቸው ጠርሙስ ይዞ ቆሞ ነበር። ሲጨርሱ ተቀበሉትና ጠጡ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያኔ የተጠማነው ውሃ ስለሌለ ነው። ውሃ እያለ መጠማት ግን እነርሱን መናቅ ነው» አሉ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይህን ከእኔ ሳይሆን ከእሳቸው ስሙ። ባሕር ብትሄዱ፣ በረሃ ብትሄዱ፣ «ሽንት ቤት ልሄድ ነው፣ አቁሙልኝ» ማለት ማስቸገር አይደለም። ልጆችም፣ እስኪነግሯችሁ አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ጠይቁ።

መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ፤ በጤና ሄዳችሁ በጤና ተመለሱ። አሁን ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት ሁላችንም ተነሥተን አንድ አንድ ብርጭቆ እንጠጣ።